ሲራራ፣ ቅሬና እቁብ፦ በአባይ ጠርዝ የወሎ ሥራ ፈጣሪነት ረጅም ጉዞ

ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በአፄ ልብነ ድንግል ዘመን፣ ከ1512 እስከ 1518 ዓ.ም. ድረስ በኢትዮጵያ ቆይቶ ያየውን ሲጽፍ ጨውን ሳያነሳ አላለፈም። አሞሌ ጨው በአገሩ ሁሉ እንደ ገንዘብ ያገለግል ነበር። ከሚወጣበት ሥፍራ አጠገብ ርካሽ ነው፤ ወደ መሐል አገር በገባ ቁጥር ግን ዋጋው እየናረ ይሄዳል። በሁለቱ ዋጋዎች መካከል ያለው ልዩነት የነጋዴው ድካም ነው። የአጋሰሱ መኖ፣ በየበሩ የሚከፈለው ቀረጥ፣ ሽፍታ ባለበት ጫካ ማደር፣ ገደል የገባ ጭነት፣ ሁሉም በዚያ ልዩነት ውስጥ አለ። ስለዚህ ስለ ደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ አገር በቀል ሥራ ፈጣሪነት መናገር የሚፈልግ ሰው ከቅርብ ዓመታት የሥልጠና ሰነድና ከኢንተርፕራይዝ መመሪያ ሊጀምር አይገባም። ነገሩ ከዚያ እጅግ ያረጀ ነው።

በዚህ ደጋ የሚገኘው ወግዲ የአባይ አገር ነው። ምዕራባዊ ዳርቻው ወደ አባይ በረሃ ቁልቁል ይወርዳል፤ ከወንዙ ማዶ ምሥራቅ ጎጃም ይታያል። በሰሜን ቦረናና ከተማዋ መካነ ሰላም፣ በደቡብ ከላላ፣ ወደ ምሥራቅ ሲሄዱ የለጋምቦ ውርጭ ያለበት ደጋ አለ። እግረኛ ሳይርቅ ከገብስና ከስንዴ አገር ተነስቶ በጤፉና በሽንብራው ወይና ደጋ አልፎ ማሽላና ፍየል ወዳለበት ቆላ ይደርሳል። ገበያውን የፈጠረው ይህ የአየር ጠባይ ልዩነት ነው። ደገኛው ያለ ቆለኛው፣ ቆለኛውም ያለ ደገኛው ቤቱን ሊያሟላ ስለማይችል ሁለቱ በሚገናኙበት ወገብ ላይ ገበያ ይቆማል። ያንን ገበያ ያቆመው የማንም መሥሪያ ቤት አልነበረም።

ይህ አገር አንድ ጊዜ የመንግሥቱ መሐል ነበር። ቤተ አማራ በሚባልበት ዘመን አፄ ናዖድ አስጀምረው ልጃቸው ልብነ ድንግል ያስጨረሱት የመካነ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን በዚሁ ምድር ቆሞ ነበር፤ አልቫሬዝም አይቶታል። እንዲህ ያለ ሕንፃ ወርቅ አንጥረኛ፣ አናጢ፣ ብራና ፋቂ፣ ሸማኔና ይህን ሁሉ የሚቀልብ ገበያ ይጠይቃል። በ1524 ዓ.ም. በኢማም አህመድ ጦር ሲቃጠል የጠፋው ሕንፃው ብቻ አይደለም። በዙሪያው የነበረው ሥራና የሥራ ትእዛዝም አብሮ ተበተነ። ቤተ መንግሥቱ ከዚያ በኋላ ወደ ሰሜን ምዕራብ እየራቀ ጎንደር ላይ ሲረጋ፣ የአባይ ጠርዝ ወሎ በራሱ ገበያና በራሱ ነጋዴ የሚኖር አገር ሆነ።

የ18ኛውና የ19ኛው ክፍለ ዘመን ዋነኛ ሥራ ፈጣሪ ረጅም መንገድ ጭኖ የሚጓዘው ሲራራ ነጋዴ ነው። አብዛኛው ሙስሊም ነበር። ርስት የሌለው ወይም ርስቱ የጠበበው፣ ለሹመትም የማይታጨው ሰው የሚያድግበት መንገድ ንግድ ነበር። አሞሌ ከሰሜን ምሥራቅ ይመጣል፤ ቡና፣ ማርና ሰም፣ ቆዳ፣ የዝሆን ጥርስ ከደቡብና ከምዕራብ ይመጣል። ከአባይ ማዶ በጎጃም የነበረውን የባሶን ታላቅ ገበያ እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ በ1830ዎቹ አይቶ ጽፎለታል። በዚያ ንግድ ውስጥ ሰውም ይሸጥ ነበር። ስለ ነጋዴዎቻችን ጥረት ስንኮራ ይህን ደብቀን ልንኮራ አይገባም፤ የሲራራው ሀብት ከፊሉ በባሪያ ንግድ የተገኘ ነው፤ ዕዳውም አብሮ የሚወረስ ነው።

ሲራራው የሚጓዘው ብቻውን አልነበረም። ነጋዴዎች ተሰባስበው፣ አንድ አለቃ መርጠው፣ ስንቅና ዘብ ተካፍለው ይሄዳሉ። በየኬላው የሚደራደረው አለቃው ነው። ያ አለቃ ነጋድራስ ይባል ነበር፤ ኋላ ላይ መንግሥት ማዕረጉን ወስዶ የገበያና የቀረጥ ሹም አደረገው። በእኔ ግምት ይህ ትንሽ የማይባል ለውጥ ነው። ነጋዴው ለራሱ የመረጠው ወኪል ቀስ በቀስ ቀረጥ የሚሰበስብበት ሹም ሆነበት። ኬላው ደግሞ በየመስፍኑ ወሰን፣ በየወንዙ መሻገሪያ እየበዛ ሄደ። ከወሎ ተነስቶ ጎጃም የሚገባ ጭነት አንድ መንግሥት ውስጥ እያለ ብዙ ጊዜ ቀረጥ ይከፍላል። ከዚያ በኋላ የሚተርፈው ትርፍ አዲስ ሥራ ሊከፍት ቀርቶ የሞተችውን በቅሎ ለመተካትም ብዙ ጊዜ አይበቃም ነበር።

ይህን ቀድመው በትክክል ካዩት አንዱ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ነው። በ1911 ዓ.ም. ገና በወጣትነቱ ከሞተ በኋላ በ1916 ዓ.ም. የታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፉ ስለ መንገድ፣ ስለ ቀረጥ፣ ስለ ገንዘብ፣ በእውቀት የዳበረ ሥራ ለአንድ ሕዝብ ስለሚሰጠው ኃይል የሚያትት ነው። ጥሬ ዕቃ ሸጦ የተሠራ ዕቃ የሚገዛ ሕዝብ ብዙ ድካሙን በጥቂት ድካም እንደሚለውጥ አስረድቷል። እሱ ይህን ሲጽፍ በጣም ጥቂት የዓለም ምሁራን ናቸው በዚህ መልክ ያሰቡት። ነገር ግን አገሩ ሐሳቡን ተቀብሎ በሥራ ላይ ለማዋል ብዙ ዘገየ።

ከኬላው ባልተናነሰ ሁኔታ ሥራ ፈጣሪውን የያዘው ደግሞ ንቀት ነው። በእጁ የሚሠራ ሰው ይፈለግ ነበር፤ ግን አይከበርም። ማረሻውን የሚቀጠቅጠው፣ ድስቱን የምትሠራው፣ ቆዳውን የሚፍቀው፣ ጋቢውን የሚሸምነው ሁሉ ቡዳ ነው ተብሎ ከማዕድ የሚገለል፣ በጋብቻ የሚሸሽ ነበር። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት የደረሱት ነገሩ ስለከፋባቸው ነው። ንጉሥ በአዋጅ ያዘዘው ክብር ግን በየመንደሩ ቶሎ አልደረሰም። በደቡብ ወሎ ደጋ፣ እህል በውርጭ በሚመታበት አገር፣ የበጉ ፀጉር ከእርሻ ቀጥሎ ቤት የሚያቆም ሀብት ነው። ሴቶቹ ይፈትሉታል፤ ወንዶቹ ሸምነው ባናና ዝተት የሚባሉ የሱፍ ልብሶች ያወጡበታል። ከአንድ በግ ሸለት ተነስቶ ለሽያጭ እስኪደርስ ድረስ ሥራው በሙሉ እዚያው ቤት ውስጥ ነው። አገር በቀል ፋብሪካ ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። በሌላ አገር ቢሆን ይህ ሙያ ትምህርት ቤት፣ ማኅተምና የውጭ ገበያ ባገኘ ነበር። እኛ ጋ ሸማኔው ልጁን «እንደ እኔ እንዳትሆን» ብሎ አስተማረው።

ንጉሥ ሚካኤል ደሴን ዋና ከተማቸው ካደረጓት በኋላ የወሎ ንግድ ክብደት ወደ ምሥራቅ አዘነበለ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የቆየው የጣልያን ወረራ ከአስመራ በደሴና በኮምቦልቻ አድርጎ አዲስ አበባ የሚገባውን መንገድ ሲሠራ ይህ ይበልጥ ጸና። መኪና በሚደርስበት መስመር ላይ የየመን ዓረቦች ሱቅ ተከፈተ፤ ከዚያም የአገሬው ተወላጅ ነጋዴ በዙሪያቸው ሠልጥኖ ወጣ። ምዕራቡ ደጋ ግን ከዚያ መስመር ውጭ ቀረ። የወግዲ እህል ለረጅም ጊዜ ደሴ የሚደርሰው በአህያ ጀርባ ነበር።

መንገድ ከማጣት በላይ የሚገዙበት ማጣት ምን ያህል ነፍስ እንደሚበላ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ታየ። የወሎ ረሃብ ብዙ ተብሎለታል፤ ከንግድ ጋር ያለው ግንኙነት ግን እኛ ዘንድ በቅጡ አልተነገረም። ሕንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ድህነትንና ረሃብን ባጠናበት መጽሐፉ አንድ የሚያስደነግጥ ነገር አሳይቷል። ሰው በሺዎች በሚያልቅበት ወቅት በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም ነበር። እንዲያውም እህል ከወሎ ወደ ሌላ አገር ይወጣ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አዝመራው የጠፋበት ገበሬ የሚበላው ብቻ ሳይሆን የሚገዛበትም አልነበረውም፤ ገንዘብ የሌለው ረሃብ ደግሞ ነጋዴ አይጠራም። ሴን ከወደቁት ሰዎች መካከል ሸማኔዎችን፣ ሌሎች ባለእጆችንና በአነስተኛ አገልግሎት ሥራ ይተዳደሩ የነበሩ ሴቶችንም ቆጥሯል። እነዚህ ሰዎች መሬት አላረሱም፤ ድርቁ ማሳቸውን አልመታውም። ደንበኛቸውን ግን መታባቸው። ባና የሚገዛው ገብስ የሸጠ ገበሬ ነው፤ ጠላ የሚጠጣውም እሱ ነው። ገብሱ ሲቀር ገበያው በሙሉ በአንድ ክረምት ከሰመ።

ከዚህ የምወስደው ትምህርት አንድ ነው። ደንበኛው ሁሉ ከአንድ ዝናብ የሚጠብቅበት አገር ውስጥ ያለ ንግድ፣ ነጋዴው የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን፣ ከዚያ አገር ውጭ ገዢ እስካላገኘ ድረስ ሥር አይሰድም። የወግዲ ሴት የምትፈትለው ፀጉር ደሴ ወይም ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ገዢ ኖሮት ቢሆን በ1966 ዓ.ም. ልጆቿን የሚያሻግር ዳቦ በሆነ ነበር።

ደርግ መሬት ለአራሹ ሲል የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወሰደው እርምጃ የጭሰኛውን አንገት ቀና አድርጓል፤ ይህን መካድ በደል ነው። ለነጋዴው ግን ዘመኑ ጨለማ ነበር። በ1968 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የግል ነጋዴ ካፒታል በችርቻሮ ከ200,000 ብር፣ በጅምላ ከ300,000 ብር፣ በኢንዱስትሪ ከ500,000 ብር እንዳያልፍ ተወሰነ። የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ከገበሬው በኮታና በተተመነ ዋጋ እህል ይወስዳል፤ ከአንዱ አውራጃ ወደ ሌላው በግል እህል የሚያጓጉዝ ነጋዴ በኬላ ይያዛል። ሲራራው በመሳፍንት ዘመን የሸሸው ኬላ በሶሻሊዝም ስም ተመልሶ መጣ። 1977 ዓ.ም. ሲደርስ፣ ትርፍ ካለበት ቦታ እህል ወደጎደለበት የሚያደርሰው የግል ነጋዴ ተዳክሞ ስለነበር የረሃቡ ክንድ በረታ። ጦርነቱና ድርቁ ዋናዎቹ ምክንያቶች ናቸው፤ ገበያው መታሰሩ ግን ቀላል ምክንያት አልነበረም። በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ መንግሥቱ ራሱ ነገሩ እንዳልሠራ አምኖ ነበር።

ይህ ሁሉ ሲሆን ያልፈረሰ አንድ ነገር አለ። ሌላው ኢትዮጵያዊ እድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል። ቅሬ ሬሳ ይቀብራል፣ ኀዘንተኛ ያስተዛዝናል፣ የተጣላ ያስታርቃል፣ አጥፊ ይቀጣል። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አብረው በሚኖሩበት መንደር ቅሬውም አንድ ሊሆን ይችላል፤ የማርያም ዝክር የሚዘክረውና መውሊድ የሚያከብረው በአንድ ድንኳን ሥር ይቀመጣሉ። ከቅሬ መባረር ማለት በቁም መሞት ነው፤ ስለዚህም የቅሬን ቃል የሚያፈርስ ጥቂት ነው። ከቅሬው ጎን እቁብ አለ። ዳኛ ይመረጣል፣ ዕጣ ይወጣል፣ ዕጣው የደረሰው ሰው ገንዘቡን የሚወስደው ዋስ ጠርቶ ነው። ባንክ ባልነበረበት አገር የመጀመሪያውን ወፍጮ፣ የመጀመሪያውን ሱቅ ያስከፈተው ካፒታል ብዙውን ጊዜ የእቁብ ዕጣ ነው።

እርሻው ውስጥም ቢገቡ ያው ነው። አንድ በሬ ብቻ ያለው ሌላ አንድ በሬ ካለው ጋር ተቀናጅቶ ጥንድ ያደርጋል። መሬት ኖሯት ጉልበት የሌላት ባልቴት ማሳዋን የእኩል ታሳርሳለች። ላም ያለው ሰው ለሌለው የርቢ ይሰጥና ጥጃውን ይካፈላሉ። በደቦና በወንፈል አጨዳው ያልቃል። እነዚህ የጽሑፍ ውል የሌላቸው ሽርክናዎች ናቸው፤ በውስጣቸው ካፒታል፣ ጉልበት፣ ትርፍና ኪሳራ በትክክል ተተምኗል። «ሕዝባችን የንግድና የማኅበር ባህል የለውም» የሚሉ ሰዎችን በሰማሁ ቁጥር የሚያናድደኝ ይህን አለማየታቸው ነው። ባህሉ አለ። ያጣው ከመንደሩ የሚያልፍበት ሕጋዊ ሰውነት ነው። ቅሬ በስሙ መጋዘን ይዞ ከባንክ እንዲበደር፣ እቁብ ከሥራ ሽርክና ወደ ኩባንያ እንዲያድግ የሚያስችል መሰላል ለረጅም ጊዜ አልነበረም።

እንዲህ ያለ ማኅበር ከመንደር ወጥቶ እንደሚያድግ ከአማራ ክልል ውስጥ የታየ ምስክር አለ። በደቡብ ጎንደር ፎገራ፣ ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም. የመሠረቱት አውራ አምባ ከጥቂት ሰዎች ተነሳ። መሬታቸው ጠባብና ለእርሻ የማይመች ስለነበር ወደ ሽመና አዘነበሉ። በሃይማኖትና በሴቶች እኩልነት ላይ ባላቸው አቋም ጎረቤት አገለላቸው፤ በደርግ መጨረሻ ዘመን ቀዬአቸውን ጥለው እስከ ቦንጋ ተሰደዱ። ተመልሰው ግን የሽመና ሥራቸውን፣ ወፍጮ ቤታቸውን፣ ሱቃቸውን፣ የእንግዳ ማረፊያቸውን አቆሙ፤ የራሳቸውን አረጋውያን በራሳቸው ገንዘብ ይጦራሉ። ትናንት ያገለላቸው ጎረቤት እህሉን በወፍጯቸው ያስፈጫል። ከዚህ ታሪክ እኔን የሚገርመኝ የእኩልነቱ ዝና ሳይሆን፣ ለሌላው የመጨረሻ አማራጭ የሆነውን ሽመና እነሱ የመጀመሪያ አድርገው መያዛቸው ነው። ወንድ ይፈትላል፣ ሴት ትሸምናለች፣ ማንም አያፍርም። የለጋምቦና የቦረና ደጋ ሸማኔ የጎደለው ችሎታ አይደለም፤ ይህ ክብር ነው።

ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ መሰላሉ በጥቂቱ መዘርጋት ጀመረ። የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ ዛሬ ጸደይ ባንክ የሆነው፣ ተበዳሪዎችን በቡድን አደራጅቶ እርስ በርስ ዋስ በማድረግ ማበደር ሲጀምር ያደረገው ነገር የእቁቡን የዋስትና ብልሃት ወደ መዝገብ ማስገባት ነበር። ለዚህም ነው ሥር የሰደደው። የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147/1991 ወጣ። በ1990ዎቹ የአማራ ክልል ለገበሬው የመሬት ይዞታ ደብተር፣ በባልና በሚስት ስም፣ መስጠት ጀመረ። ከዚያ በ2011 ዓ.ም. የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ታወጀ። በዚህ አዋጅ ከብት፣ ሰብል፣ ማሽን በዋስትና ተመዝግቦ ብድር ሊያስገኝ ይችላል። ቤትና ካርታ የሌለውን ነጋዴ ለዘመናት ከባንክ ደጅ ያስቀረውን በር የሚከፍት ሕግ ነው።

ነገር ግን በሩ ተከፈተ ማለት ሰው ገባበት ማለት አይደለም። ወሎ ዛሬ ልጆቹን በብዛት ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ከሚሸኙ አካባቢዎች አንዱ ነው። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን ስታባርር ከተመለሱት ውስጥ የወሎ ልጆች ብዙ ነበሩ። ወደ በረሃና ወደ ባሕር የሚገፋቸው ስንፍና አይደለም። ለደላላ የሚከፈለው ገንዘብ የተገኘው በሬ ተሽጦ፣ ዘመድ ተለምኖ፣ እቁብ ተጥሎ ነው። ያው ገንዘብ፣ ያው ድፍረት፣ ያው የዘመድ ዋስትና ለወፍጮ ወይም ለባና ማምረቻ መዋል ይችል ነበር። ልጁ ግን አስልቶታል፤ እዚህ ከሚከፍተው ሱቅ ይልቅ ያ አደገኛ መንገድ የተሻለ ሆኖ ታይቶታል። የምንወቅሰው ልጁን ሳይሆን ያን ስሌት እንዲህ ያደረገውን ሁኔታ ነው።

ሐምሌ 2009 ዓ.ም. የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲመረቅ ብዙ ተስፋ ተጥሎበት ነበር። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ደሴንና ኮምቦልቻን ዋጠ፤ ከተሞቹ በኅዳር መጨረሻ ነፃ ቢወጡም፣ ብዙ ሳይቆይ ከቀረጥ ነፃ ወደ አሜሪካ ገበያ የመግባት ዕድል ተዘጋ። ከዚያም ወዲህ በክልሉ የቀጠለው ግጭት መንገድ እየዘጋ ገበያን አራቁቷል። ፓርክ አያስፈልግም አልልም። ትእዛዙ ከውጭ፣ ጥሬ ዕቃው ከውጭ የሆነ ሥራ ብቻውን ሲታመን ግን ምን እንደሚሆን አይተናል።

መካነ ሰላም ዛሬ ትናንት የነበረችው ሩቅ ከተማ አይደለችም። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ አንዱ ግቢ እዚያ ነው፤ ለተማሪው የሚያከራዩ፣ እንጀራ የሚያቀርቡ፣ ልብስ የሚሰፉ ሰዎች በዙሪያው ኑሮ መሥርተዋል። ከተማዋን ከአባይ ማዶ ከግንደ ወይን ጋር የሚያገናኘው መስመር የሲራራውን ጥንታዊ ጉዞ በመኪና ሊደግመው ይችላል፤ ጎጃምና ወሎ ሰላም ካገኙ ይህ የአባይ ጠርዝ የሁለቱ መተላለፊያ እንጂ የመንገድ መጨረሻ አይሆንም።

በአዲስ አበባ፣ በጅዳ፣ በዋሽንግተን ያላችሁ የወግዲና የቦረና ተወላጆች፣ ለቤተ ክርስቲያንና ለመስጊድ ማሠሪያ የምታሰባስቡት ገንዘብ ምን ያህል መተማመን እንዳላችሁ ያሳያል፤ ከዚያ ጥቂቱን ለአንድ የሱፍ መፍተያ ማሽን፣ ለአንድ የቅሬ እህል መጋዘን አውሉት። በአካባቢው የባንክ ቅርንጫፍ የምትመሩ ወንድሞችና እህቶች፣ አዋጅ ቁጥር 1147/2011ን አውጥታችሁ አንብቡት፤ በሬ፣ ጤፍና ሽመና ይዞ ለሚመጣው ሰው ማመልከቻ ተቀበሉት። የምታውቁት ቅሬ ዋስ ይሆንለታል።